የአተሩ ሾርባና የጥብጣብ ሻጩ አንገት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3፣ 1865

ይህን ደብተር የሰጠኝ ጃቤዝ ነው። ጃቤዝ በሆልምዌይ ጣቢያችን ሻንጣ ተሸካሚ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ በፉርጎዎቹ ጣሪያ ላይ እየተራመደ መብራቶቹን በየቀዳዳቸው ያስገባል። ደብተሩን አንድ ተሳፋሪ ረስቶት ሄዶ ዓመት ሙሉ ጠያቂ አጣ። «ለሰው መናገር ካቃተሽ ለወረቀት ተናገሪ» አለኝና ባንኮኒው ላይ ጥሎት ወጣ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ጣሪያ ላይ ንፋስ ስለሚበዛ ይሆናል።

እኔ ኬዝያ ፕሊመር ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ። ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ማንበብና መጻፍ እዚያ አገኘሁ፣ መናገር ግን አላስተማሩኝም። የማላውቀው ሰው ሲያየኝ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። አክስቴ ዶርቃ «ይህቺ ልጅ የተሠራችው ከውስጥ ብቻ ነው» ትላለች።

አክስቴ የጣቢያውን ምግብ ቤት ትመራለች። ቤቱ የባቡር ኩባንያው ነው፤ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ውሏን ያድሱላታል፣ ወይም አያድሱላትም። የምንተኛውም እዚያው ከላይ ስለሆነ ኖቬምበር ሲቃረብ አክስቴ እንቅልፍ ታጣለች፤ እኔን ደግሞ በአካሄዴ ትቆጣኛለች።

የእኔ ሥራ የአተር ሾርባ መቅዳት ነው። አቀዳዱ እንዲህ ነው። ባቡሩ ይቆማል፤ ተሳፋሪዎቹ እየተጋፉ ይገባሉ፤ ከፍለው ሳህናቸውን ይቀበላሉ። ሾርባው ግን ከእሳት ገና መውረዱ ስለሆነ አፍ አያስጠጋም። እፍ ይላሉ፣ ያማስላሉ፣ ይሳደባሉ። ደወል! ሁሉም ጥለውት ይሮጣሉ። ከዚያ እኔና አክስቴ ከየሳህኑ ወደ ድስቱ እንመልሰዋለን፤ ለሚቀጥለው ባቡር ይፈላል። ድስቱ ውስጥ አክስቴ በምስማር የጫረችው ምልክት አለ። ሾርባው ወደዚያ ምልክት ካልተመለሰ አንድ ሰው ጠጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም።

አክስቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን መጻፍ ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬ የቂል ሥራ ሠራሁ። ለማንም አልናገርም። ለነገሩ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

የመጨረሻው ባቡር ሲቆም አንድ ሰው ባዶ ራሱን ገባ። ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቀጭን ነው። «እባክሽን አንድ ሳህን ሾርባ፣ የኔ እመቤት» አለኝ። እባክሽን! እዚህ ባንኮኒ ላይ «አንቺ!» እና «ቶሎ በይ!» እንጂ እባክሽን ተብሎ አያውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ፣ ጥብጣብ ሻጭ እንደሆነ፣ ጥብጣብ አሁን ማንም እንደማይገዛ ነገረኝ።

አክስቴ ጓሮ ከሰል ስትቀበል ነበር። ሾርባውን ይዤ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገባሁና በሁለት ሳህን እያገላበጥኩ በመስኮቱ ንፋስ አቀዘቀዝኩት። ሰውየው ጥግ ተቀምጦ ጠጣው። ሙሉውን። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጸሎት። ሰው ሾርባችንን ሲጨርስ አይቼ ስለማላውቅ ቆሜ ቀረሁ።

ደወሉ ተደወለ። እሱ አልሰማም። እኔ ሰማሁ። «ጌታዬ፣ ባቡሩ!» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። በሩ ተዘጋ፤ የጉሮሮዬ በር። ባቡሩ ሄደ።

ቀና ሲል ጣቢያው ባዶ ሆኖ አገኘው። «ባርኔጣዬ! የጥብጣብ ሻንጣዬ!» አለ። ከዚያ ግን ሳቀ። «ደግነቱ አብረውኝ የነበሩት ሽማግሌ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ይጠብቁልኛል።» ሽማግሌውን ሳህን ስሰበስብ በመስኮት አይቻቸው ነበር። ከባቡሩ አልወረዱም፤ ዳቦና ሽንኩርት ከመሀረብ ፈትተው ይበሉ ነበር። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ።

የአክስቴ ኮቴ ሲሰማኝ ሰውየውን እጁን ይዤ (እጁን ያዝኩ!) በጓሮ በር አስወጣሁትና በሜዳው በኩል ወደ ቴስበሪ ከተማ የሚወስደውን መንገድ በጣቴ አሳየሁት። ከዚያ የጎደለውን ያህል ውሃ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩ። እስከ ምልክቱ።

አክስቴ ድስቱን አይታ «ጥሩ» አለች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5

ከጣቢያችን ወዲያ ባቡሩ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ የሞተ ሰው ተገኘ። ጃቤዝ ሮጦ መጥቶ ነገረን። ጣቢያ ሹሙ ወንበር ላይ ወደቁ። ባቡር መጣ። በኋላ እጽፋለሁ።

ማታ። ሟቹ ሚስተር ግሪንድል የሚባሉ የከብት ነጋዴ ናቸው። ራሳቸውን በብረት ተመትተዋል፤ ሰዓታቸውና ከረጢታቸው የለም። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ሳለ ነው በበሩ የተጣሉት። የነበሩበት ክፍል ደም ብቻ ነው ይላሉ። ደግሞ የሌላ ሰው ባርኔጣ ተገኝቷል። ደግሞ ጥብጣብ የሞላው ሻንጣ።

ጃቤዝ «ዳቦና ሽንኩርት ይዘው ነበር፤ መሬት ላይ ተበትኖ አየሁት» አለ።

አሁን አልችልም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

ያዙት። ቴስበሪ ውስጥ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ባዶ ራሱን፣ ጣቢያው ሄዶ «ሻንጣዬን አላያችሁም?» ብሎ ሲጠይቅ። ስሙ ታራንት ነው። ሚስተር ኤልቃና ታራንት። ፖሊሱ ሚስተር ሂብል ምግብ ቤታችን ገብተው ሲያወሩ «እንዲህ ያለ ደፋር ገዳይ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ሻንጣውን ራሱ መጥቶ ጠየቀ!» አሉ። ደፋር! እሱ እኮ እባክሽን የሚል ሰው ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 7

አገሩ አብዷል። ዛሬ አንድም ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ክፍል አልገባም፤ የባቡራችን ክፍሎች ወደ ውጭ የሚከፈት በር እንጂ የውስጥ መተላለፊያ የላቸውም። ሁለት ወፍራም ነጋዴዎች አንዱ አንዱን በበር አየት አድርጎ፣ ሁለቱም «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ባቡሩ ሄደ፤ ሁለቱም ቀሩ። ከዚያ እኛ ቤት ገብተው በተለያየ ጥግ ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት ብረት ምጣድ ይዛ ተሳፈረች። ዋሻው ውስጥ በጨለማ ማንም እንዳይስማቸው ስፒል በከንፈራቸው የሚይዙት ድሮ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የቄሱ ረዳትም ሁለት ይዞ አየሁት። ጃቤዝ «እሱን የሚስም ከተገኘ ስፒሉን ራሴ እውጣለሁ» አለ። ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ አፈርኩ። ሰው ሞቶ፣ ሰው ታስሮ እስቃለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ሚስተር ሂብል ሊጠይቁን መጡ። ታራንት ሾርባ እየጠጣሁ ባቡሩ አመለጠኝ ብሏል አሉ፤ ይህን ሲሉ ራሳቸው ሳቁ።

«ከዚያ ባቡር ወርዶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር፣ እመቤት ዶርቃ?»

«ማንም አልነበረም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሚስተር ሂብል፣ እኔ እርግጠኛ ስሆን የእርስዎ ዓይነት እርግጠኝነት አይደለም። ባለፈው የጠፋውን አሳማ ሰረቀ ብለው የያዙትን ሰው አሳማው ራሱ ተመልሶ መጥቶ ነው ያስፈታው።»

«የአሳማውን ነገር ይተዉኝ። በምን አወቁ ነው ጥያቄዬ።»

«አውቃለሁ።»

አክስቴ ወደ ድስቱ አየች። እኔም ወደ ድስቱ አየሁ። ምልክቱን ለፖሊስ መንገር አትችልም፤ ስለ ምልክቱ ከተናገረች ስለ መመለሱም መናገሯ ነው። ግን አትዋሽም። ከልቧ ታምናለች። ድስቱ ሙሉ ነበር።

«አንቺስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ብዙ ጊዜ የከፈትኩት ይመስለኛል።

«እሷን ይተዉአት» አለች አክስቴ። «የዛሬውን መልስ ከፈለጉ ለገና ይምጡ።»

ሳቁ፤ ሻይ ጠጡ፤ ሄዱ። እኔ ሳህን አጠብኩ። ንጹሑን ሳህን ደግሜ አጠብኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ቴስበሪ ዛሬ የመጀመሪያው ችሎት ነበር። አክስቴ ምስክር ሆና ሄደች፤ እኔ ቤት ጠበቅሁ። ማታ ለጣቢያ ሹሙ ስታወራ ሰማሁ። ታራንት ተነሥቶ «ሆልምዌይ ላይ የአተር ሾርባ ጠጥቼ ጨረስኩ» ሲል አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። በዚህ መስመር የሚሄድ ሰው ሁሉ እኛ ዘንድ ምላሱን አቃጥሏል። ዳኛው ሰር አምብሮዝ ራሳቸው «ሌላ ውሸት ብትመርጥ ይሻልሃል፣ ወዳጄ» አሉት። «ማን ቀዳልህ?» ሲሉት «አንዲት ልጅ» አለ። «ልጅቷን አምጧት» ሲባል «ዓይናፋር ናት፤ አታስጨንቋት» አለ።

አታስጨንቋት አለ። አንገቱ ገመድ ውስጥ ሊገባ።

በ24 ደግሞ ይቀርባል። ያኔ ሰር አምብሮዝ ወደ ትልቁ ፍርድ ቤት ከላኩት፣ ሚስተር ሂብል እንደሚሉት ገናን አያይም።

ነገ ለአክስቴ እነግራታለሁ።

ዓርብ

አልነገርኳትም። ራሷን አሟት ነበር።

ቅዳሜ

አልነገርኳትም። ደህና ነበረች፤ እየዘፈነች ነበር። የምትዘፍንን ሰው እንዴት አድርጌ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 17

አክስቴ ዛሬ ድስቱን ስታሽ «ዘንድሮ ውሉ ከታደሰልን አዲስ ጫማ እገዛልሻለሁ» አለችኝ። ካልታደሰልንስ አላልኳትም። ታውቀዋለች። እሷ ከእኔ ሌላ ማንም የላትም፤ እኔም ከእሷ ሌላ። ነገሩን ብናገር ሁለታችንም ድስታችንን ተሸክመን መንገድ ላይ ነን። ባልናገር መንገድ ላይ የሚወጣ የለም። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሰቀል።

እንዲህ ሆኖ ሲጻፍ እንዴት ያስጠላል።

ደግሞ ሽማግሌው። ሰላም ያሉኝ። ሚስተር ታራንት በጊዜው ተመልሶ ገብቶ ቢሆን ኖሮ...

ደወል። ባቡር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 20

ለጃቤዝ ነገርኩት! መብራት ክፍል ውስጥ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ለግድግዳው። ጨረስኩ። ዞር ስል የወለል መወልወያውን እንደ ዳኞች ሰው ሠራሽ ፀጉር ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ጭራውን በግራና በቀኝ ጆሮው አውርዶ፣ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ሰር አምብሮዝ ነኝ» አለ በአፍንጫው። «ተናገሪ፣ ልጄ፣ ሪህ አሞኛል፤ ምሳዬም እየቀዘቀዘ ነው።»

«መወልወያው እርጥብ ነው፣ ጃቤዝ።»

«ዳኛ አይታረምም! ሾርባውን ማን አቀዘቀዘው?»

«እኔ።»

«አልሰማሁም።»

«እኔ!»

«መብራቱ ሰምቷል፤ እኔ ግን ገና ነኝ።»

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ጣቢያ ሹሙ በሩን ከፍተው ጃቤዝን መወልወያ ደፍቶ አዩት። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ጃቤዝ ማክሰኞ አብሮኝ ይሄዳል። ከደመወዙ ይቆርጡበታል፤ ግድ የለኝም አለ። ጥሩ ጓደኛ ነው። ለሁሉም ሰው እንዲህ ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 24

ሁሉንም እጽፋለሁ።

አክስቴ በባቡር ቀድማ ሄዳለች። ቤቱን እንድጠብቅ ነግራኝ ነበር። ዘግቼው ወጣሁ። እኔና ጃቤዝ በሜዳው በኩል፣ ያን ቀን በጣቴ ባሳየሁት መንገድ በእግር ሄድን። ጭቃ ነው። ሚስተር ታራንት ያን ሁሉ ጭቃ ከየት እንዳመጣው አሁን ገባኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ሚስተር ታራንት በሁለት ፖሊስ መሀል ቆሟል፤ ከስቷል፤ ጆሮዎቹ የበለጠ ትልቅ ሆነዋል። አክስቴ ተነሥታ ማለች፤ «ከዚያ ባቡር የቀረ ሰው የለም» አለች። ሰር አምብሮዝ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲህ ለትልቁ ፍርድ ቤት...» ብለው ጀመሩ።

ጃቤዝ ክርኑን ጎኔ ውስጥ ወሸቀው።

«ቀዝቅዞ ነበር» አልኩ።

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ እኔም ዞር አልኩ።

«ማነው?» አሉ ሰር አምብሮዝ። «ከፍ አድርጊው፤ ለጸሎት አይደለም የመጣነው። ምኑ ነው የቀዘቀዘው?»

«ሾርባው፣ ጌታዬ። እኔ ነኝ ያቀዘቀዝኩት። በሁለት ሳህን አገላብጬ። ሰውየው ርቦት ነበር። ጨረሰው። ባቡሩ ሲሄድ እኛ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። በጓሮ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

የአክስቴን ፊት አላየሁም። ብዙ ደቂቃ አላየሁትም።

«አክስትሽ ማንም አልቀረም ብላ ምላለች። ውሸቷን ነው?»

«አይደለም፣ ጌታዬ! አክስቴ አትዋሽም። ድስቱ እስከ ምልክቱ ሞልቶ ስላየች ነው። የጎደለውን በውሃ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«ይህ ምን ዓይነት ድስት ነው?» አሉ ሰር አምብሮዝ። «ባቡር ሙሉ ሰው ሾርባ ተቀድቶለት ሲያበቃ ድስቱ ሙሉ ሆኖ ይገኛል? ሰው ባይጠጣውም እኮ ከድስቱ ወጥቷል። ታዲያ የተረፈው ሾርባ...» ቆም አሉ። «የተረፈው ሾርባ የት ይሄዳል?»

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ይህን አየሁ።

«ወደ ድስቱ፣ ጌታዬ።»

ሰር አምብሮዝ መሀረባቸውን አውጥተው አፋቸው ላይ አደረጉ። «ስድስት ዓመት» አሉ በመሀረቡ ውስጥ። «ስድስት ዓመት እዚያ ልጠጣው ሞክሬአለሁ። ከማን ከማን የተረፈ?»

«ከሁሉም፣ ጌታዬ። ከሚስተር ሂብልም። ከቄሱም።»

ያኔ ነው አዳራሹ በሳቅ የፈረሰው። ከመስኮት የወደቀ ሰው ነበር። ቄሱ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ተነሥተው ወጡ። ሚስተር ሂብል «ደወል ሳይደወል አንድ ማንኪያ ብቻ ነው የቀመስኩት!» እያሉ ይጮኻሉ። ሚስተር ታራንት ግን አልሳቀም፤ ወደ እኔ ብቻ ያይ ነበር።

ሰር አምብሮዝ ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ሰው ራሱን ለማዳን ሲዋሽ ስሰማ ኖሬአለሁ» አሉ። «ከገዛ ቤቱ የሚያስወጣውን ውሸት ፈጥሮ የሚመጣ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ታራንትን ልቀቁት። ሚስተር ሂብል፣ ገዳዩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። አሁን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ንጹሕ አየር ያስፈልገኛል።»

በመመለሻው አክስቴ በባቡር ሄደች፤ እኔ በእግሬ። ጃቤዝ ሙሉውን መንገድ «ከቄሱም!» እያለ ይስቃል። እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ደግሞ እኔ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 28

አክስቴ አላናገረችኝም። በሳህን ነው የምናወራው። ቀስ ብላ ካስቀመጠችው ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ካንኳኳችው አይደለሁም። ከማክሰኞ ወዲህ ሁሉም ይንኳኳል።

ሾርባ የሚገዛ የለም። ሰዎች ከባቡሩ ወርደው በመስኮት ድስቱን አይተው ይሄዳሉ፤ እንደ አራዊት ማሳያ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 2

ከኩባንያው አንድ ጥቁር ኮት የለበሱ ሰው መጡ። ተቀመጡ። ስማቸውን እንኳ ሳይናገሩ ሾርባ አዘዙ። አክስቴ ቆማ ቀረች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆነ። እኔ አዲስ ከተሠራው ቀድቼ፣ በሁለት ሳህን አገላብጬ አመጣሁላቸው። እስከ መጨረሻው ጠጡት። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እመቤት ፕሊመር» አሉ፣ «ይህ ሾርባ ጥሩ አይደለም።»

«ይሆናል፣ ጌታዬ» አለች አክስቴ። «እስካሁን ያን ያህል ቀምሶ የነገረኝ ሰው የለም።»

ሰውየው አዩዋት። ሳል መሰለኝ፤ ሳቅ ነበር። ውሉን ለስድስት ወር ብቻ አደሱላት። ጨው ጨምሪበት፣ ሁለተኛ የሚመለስ ነገር እንዳላይ ብለው ሄዱ።

ማታ አክስቴ ሳህን ፊት ለፊቴ አስቀመጠች። ቀስ ብላ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 7

ሚስተር ታራንት ሊያመሰግነኝ መጣ። መስኮቱን ከጠዋት ጀምሮ የወለወልኩት ለዚያ አይደለም፤ ቆሽሾ ነበር። ፀጉሬንም ያሰርኩት ስለሚያስቸግረኝ ነው።

ከባቡሩ ሲወርድ እጁን ሰጥቶ አንዲት ሴት አወረደ። ሚስቱ ናት። አራት ልጆች አሏቸው። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። አራት ልጆች አባታቸው ተመለሰላቸው፤ ደስ የማይለው ማን ነው?

ሚስቱ ሁለቱንም እጆቼን ይዛ «እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው» አለችኝ። «ከተጋባን ጀምሮ ፍጠን እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት። ለካ በእግዚአብሔር ሥራ እየገባሁ ነበር!»

«አሁንማ አንድ ድንች ለመብላት ከምሳ እስከ እራት ይፈጅብኛል» አለ እሱ።

ጃቤዝ ሻንጣቸውን ጭኖላቸው ሲመለስ «ጆሮው ግን ትልቅ ነው» አለኝ። «በጣም ትልቅ ነው» አልኩት። ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለው አላውቅም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 13

ገዳዩ ተያዘ። ራድ የሚባል፣ በስካር ከሥራ የተባረረ የቀድሞ ባቡር ጠባቂ ነው። የሚስተር ግሪንድልን ሰዓት ሲሸጥ ያዙት። ሚስተር ሂብል ጋዜጣውን ይዘው መጥተው፣ የያዙት እሳቸው ይመስል ጮክ ብለው አነበቡልን። ራድ በፉርጎዎቹ ጎን ባለው መርገጫ ላይ ቆሞ፣ ጠባቂዎች ድሮ ቲኬት ለማየት እንደሚያደርጉት፣ ባቡሩ ዳገቱን ቀስ ብሎ ሲወጣ ከመስኮት መስኮት እየተንጠላጠለ ሄደ።

«ይኸው ቃሉ፣ ስሙት» አሉ ሚስተር ሂብል፤ አፋቸው በኬክ ሞልቷል። «“ሁለት ሰው ያለበትን ክፍል ሁሉ አለፍኩ። ሽማግሌው ብቻውን ስለነበረ ገባሁ።” የእርኩስ ብልጠቱ!»

ሳህን ይዤ ነበር። አልጣልኩትም። አስቀመጥኩት። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄጄ ቆምኩ።

አክስቴ ተከትላኝ መጣች። ምንም አልነገርኳትም። ለማንም፣ ለዚህ ደብተርም ቢሆን አልጨረስኩትም። እሷ ግን በሩን ገጭ አድርጋ ዘግታ፣ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ መጀመሪያ የተናገረችኝ ይህን ነው፦

«የገደለው ራድ ነው። ሰማሽ? ለራበው ሰው ሾርባ ማቀዝቀዝ ሰው መግደል አይደለም።»

«ብቻቸውን ነበሩ፣ አክስቴ። አይቻቸው ነበር። ሰላም ብለውኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። ራሴን ደረቷ ላይ አደረገችው። ቀሚሷ አተር አተር ይሸታል። «ይህ ከአንቺ ጋር ይኖራል፤ አይሄድም ብዬ አልዋሽሽም። ግን የአንቺ ዕዳ አይደለም።»

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 15

ብዙ አልሠራሁም። አክስቴም አላዘዘችኝም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 20

ዛሬ የመጨረሻው ባቡር ሲቆም ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ። አክስቴ «ወዴት?» አላለችም። ከሞተሩ ጀምሬ እስከ ጭራው በየመስኮቱ እያየሁ ሄድኩ። ሁለት፣ ሦስት፣ ቤተሰብ፣ ወታደሮች፣ ሁለት። በመጨረሻው ፉርጎ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው።

መስኮቱን አንኳኳሁ። ድምፄ ወደ ጉሮሮዬ መሄድ ጀመረ። አልፈቀድኩለትም።

«ጌታዬ፣ ቀጥሎ ባለው ክፍል አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አለች። ቦታ አለ።»

«እንቅልፌን ተዪኝ።»

«ወደዚያ ይሻገሩ፣ ጌታዬ።»

«ለምን? አንቺ ማነሽና?»

«ብቻዎን ነዎት» አልኩ።

«ብቻዬን ስለሆንኩ ነው የተመቸኝ! ልጆቹ ይጮኻሉ።»

በሩን ከፈትኩትና ይዤው ቆምኩ። በሩ ካልተዘጋ ባቡሩ አይሄድም። ጠባቂው ፉጨት ነፋ። ጣቢያ ሹሙ እጃቸውን አወናጨፉ። ተሳፋሪው ሁሉ በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየኝ፤ ያ ሁሉ ዓይን። ጃቤዝ እየሮጠ መጣ። ያባርረኛል ብዬ ነበር። የሽማግሌውን ሻንጣ አንሥቶ «በዚህ በኩል፣ ጌታዬ፤ ከእሷ ጋር ክርክር አይቻልም፣ ዳኛ እንኳ አልቻላትም» አላቸው።

እያጉረመረሙ ወረዱ፤ እያጉረመረሙ ተሻገሩ። ትንሹ ልጅ ወዲያው ጉልበታቸው ላይ ወጣ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ብቅ ብለው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«ለኩባንያው እከስሻለሁ! ስምሽ ማነው?»

«ኬዝያ ፕሊመር!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሰምተውኝ እንደሆነ ስላላወቅሁ፣ ባቡሩ ጥግ ሳይዞር ደግሜ ጮኽኩ።